ማስተካከያ፦ ኦርፌዎስ የያዘው ማሲንቆ አይደለም

በደብረ ብርሃን ስለምናዘጋጀው አዲስ የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት ባለፈው ባወጣነው ማስታወቂያ፣ ሙዚቀኛው ኦርፌዎስ «በማሲንቆው ሙታንን ያስለቀሰ» ብለን ነበር። ስሕተት ነው። በግሪኮች አፈ ታሪክ የያዘው ሊራ ነው፤ ከእኛ መሣሪያዎች የሚዛመደውም በደጋን የሚገዘገዘው ባለ አንድ ጅማት ማሲንቆ ሳይሆን ክራር ነው። በገናም የዚያው ዘር ነው፤ ግን የጾምና የጸሎቱን መሣሪያ ከኤሌክትሪክ ጊታር ጎን ብናቆመው እናቶቻችን አይምሩንም።

የባሰው ግን ወደ ኋላ የዞረችው ሚስቱ ዩሪዲቄ ናት ማለታችን ነው። እሷ እባብ ነድፏት የሞተችው ናት። ከሙታን ዓለም ይዟት ሲወጣ «ብርሃን ሳትደርሱ ዞረህ እንዳታያት» የተባለውም፣ ዞሮ ያጣትም እሱ ነው። የሱን ጥፋት በሷ ማላከካችን ያሳፍራል።

ሰዓቱም ከምሽቱ 2 ወደ ቀኑ 9 ተዛውሯል። ምክንያቱን የደብረ ብርሃንን ብርድ ለሚያውቅ መንገር አያሻም።