ችግረኛ የሆናችሁ፣ እጅ አውጡ!

አንዳንድ አገር ድሃ ተማሪ የበዛበትን ትምህርት ቤት ለይቶ ለማወቅ ባለሙያ ይቀጥራል። ቀመር ይሠራል። ሕግ ያወጣል። ከዚያ ደግሞ በቀመሩ ላይ ዓመት ሙሉ ይጨቃጨቃል። እኛ ተመስገን ነው፣ ማይክ አለን። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማው እንደተሰቀለ ማይኩን ይዞ «ችግረኛ የሆናችሁ እጅ አውጡ» ማለት ነው። በቃ፣ ጥናቱ አለቀ።

ይህን ጥበብ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ዳር፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ውስጥ ገባ በሉ። ወይም በአያት በኩል ኮንዶሚኒየሞቹን አልፋችሁ አስፋልቱ እስኪያልቅ ሂዱ። መስከረም ከሆነ አንዱ የመንግሥት ትምህርት ቤት በር ላይ ባነር አታጡም። የለጋሹ ሎጎ ከትምህርት ቤቱ ስም ይገዝፋል። ከሥሩ «ለ50 ችግረኛ ተማሪዎች የተደረገ የትምህርት ቁሳቁስ ድጋፍ» ይላል።

እንዴት ያለ ውብ ቁጥር ነው! ድህነት ራሱ ጨዋ ሆኖ፣ ተሰልፎ መጥቶ፣ 50 ላይ ቀጥ ይላል። 51ኛው ልጅ እንግዲህ ሞልቶ የተረፈው መሆን አለበት።

የምርጫው ፍትሐዊነት ደግሞ ለብቻው ይመሰገናል። ከየክፍሉ ሦስት ሦስት ችግረኛ ይላክ ይባላል። ሰባ ልጅ ካለበት ክፍል ሦስት። አርባ ልጅ ካለበትም ሦስት። የክፍል ኃላፊው መምህር መከራውን ያያል። አባቱ የሞተበት አለ። እናቱ ዓረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋበት አለ። ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ኖረው ምንም የሌላቸው አለ፤ ለዚህኛው እንኳ ቅጹ ላይ ቦታ አልተተወለትም። መምህሩ ቢቸግረው ጫማው አፉን የከፈተውን ይልካል። ካሜራም የሚወደው እሱን ነው። እንዲያውም በየዓመቱ የማይቀር ልጅ አለ። ቦርሳውን ሲቀበል አንገቱን ሰበር ማድረግ ያውቅበታል። ስምንተኛ ክፍልን ጨርሶ የሄደ ቀን ትምህርት ቤቱን ምን ይውጠው ይሆን?

«ታዲያ ደብተር መስጠት ነውር ነው ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኧረ አይደለም። የሰጠ ይባረክ። እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነው። ያ ሁሉ እንግዳ ግቢውን አቋርጦ፣ ጣሪያው የሚያፈሰውን ክፍል አልፎ፣ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተቆለፈውን መጋዘን ዞሮ ሲያበቃ የሚያየው 50 ድሃ ልጅ ብቻ ነው። ትምህርት ቤቱ ራሱ ድሃ መሆኑ አይታየውም። ይህ ልዩ ስጦታ ነው።

በጀቱም ቢሆን በእኩል ዓይን የሚያይ ነው። በ2001 ዓ.ም. ከተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ጋር ለትምህርት ቤቶች በቀጥታ የሚደርስ ድጎማ መጣ። ጥሩ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ጠመኔ መግዣም ይቸግር ነበር። የሚሰላው በተማሪ ቁጥር ሲሆን መጠኑ በክፍል ደረጃ ይለያያል። ስንተኛ ክፍል እንደሆንክ ይጠይቃል። ቁርስ በልተህ መምጣትህን አይጠይቅም። መሃል ከተማ አባቱ በመኪና የሚያደርሰው አራተኛ ክፍልና እኛ ጋ ጭቃውን አቋርጦ የሚመጣው አራተኛ ክፍል፣ በቀመሩ ፊት ወንድማማቾች ናቸው።

የጎደለውን ማኅበረሰቡ ይሞላዋል። በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» የሚለው ንቅናቄ ሲጀመር ትምህርት ቤቶችን ሕዝቡ ራሱ እንዲያድስ ጥሪ ቀረበ። የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረቱም ስብሰባ ይጠራል። ነጋዴና ባለደሞዝ የበዛበት ሰፈር ኮምፒውተር ያዋጣል። እኛ ሰፈር ወላጁ ቀኑን ሙሉ አርማታ ሲሸከም የሚውል ነው። ስለዚህ እሁድ መጥቶ ጉልበቱን ያዋጣል። ድንጋይ ይለቅማል፣ አጥር ይቀባል። እነሱ ጋ ልጆቹ ኮምፒውተር አላቸው። እኛ ጋ ደግሞ ድንጋይ የሌለበት ግቢ አለን።

ደረጃ ማውጣቱንም አንረሳውም። ኢንስፔክተሮች መጥተው በ26 ስታንዳርድ ይመዝናሉ። ለግብዓት 25 በመቶ፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40። ከዚያ ከደረጃ 1፣ ማለትም ከዝቅተኛው፣ እስከ 4 ይመድባሉ። አመዳደቡ ከልቤ ነው የምለው፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ደረጃ 1 የወጣ ትምህርት ቤት ታዲያ ምን ያገኛል? አስተያየት። «በጥንካሬ የታዩ» እና «በክፍተት የታዩ» ተብሎ በሁለት ገጽ ይሰጠዋል። ቤተ ሙከራ የለውም ተብሎ ነጥብ ይቀነስበታል። ቀጥሎ ምክር ይለገሳል፦ ቤተ ሙከራ እንዲኖረው።

ዝርዝር በማውጣትማ ማን ይወዳደረናል? በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች 1,161 ናቸው ተባለ። በጀት የሚያከፋፍል ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ቢያገኝ ከየት ልጀምር ብሎ አይጨነቅም ነበር። እኛ ሰማን፣ ከንፈር መጠጥን። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ሆኑ። እንደገና መጠጥን።

አሁን የፈረንጆቹን ልፋት እዩ። አሜሪካኖቹ በ1965 (በእነሱ አቆጣጠር) ባወጡት ሕግ፣ የድሃ ልጅ ቁጥር በበዛበት ልክ ለትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ገንዘብ ይላካል። ድሃውን ልጅ በምን ያውቁታል? አብዛኛውን ጊዜ በነፃ ምሳ ማመልከቻ። ወላጅ ቅጹን መሙላት አፈረ። ልጁም ከጓደኞቹ ፊት የነፃ በሊታ መባልን ጠላ። ብልሆች ቢሆኑ ማይክ ይገዙ ነበር። እነሱ ግን በ2010 ሌላ ሕግ አወጡ። ቤተሰቦቻቸው በሌላ የመንግሥት እርዳታ መዝገብ ላይ ያሉ ልጆች 40 በመቶ (ከ2023 ወዲህ 25) ከደረሱ፣ ትምህርት ቤቱ ቅጽ ሳያስሞላ ሁሉንም በነፃ መመገብ ይችላል አሉ። መዝገብ ከመዝገብ ያገናኛሉ እንጂ ልጁን አያስነሱም። እንግሊዞች ደግሞ ከ2012 ጀምሮ፣ ባለፉት ስድስት ዓመታት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ነፃ ምሳ ይገባው ለነበረ ልጅ ትምህርት ቤቱ ተጨማሪ ይከፈለው አሉ። ስድስት ዓመት ማስታወስ! እኛ እኮ ባነሩ ሲወርድ ረስተናል።

መዝገቡማ እኛም ጋ ነበር። ድሃ ቤተሰብን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. ሲጀመር የየሰፈሩ ኮሚቴ ድሃውን ቤት ለቤት ለይቷል። አንዱ ቢሮ የድሃ ቤተሰብ ዝርዝር አለው። ሌላው ቢሮ የተማሪ ዝርዝር አለው። ሁለቱ ተገናኝተው ለትምህርት ቤት በጀት ሲያወጡ ግን አላየሁም። የቢሮ ሥራ ስለሚበዛ ይሆናል።

መዝገብ የሌለው ደግሞ ማስረጃ ያምጣ። ከገጠር መጥቶ ሕንፃ ሥር በላስቲክ ቤት የሚያድር የቀን ሠራተኛ ልጁን ችግረኛ ለማስባል የወረዳ ደብዳቤ ይጠየቃል። ደብዳቤው መታወቂያ ይፈልጋል። መታወቂያው ከመጣበት ቀበሌ መሸኛ ይፈልጋል። መሸኛው የአውቶቡስ ገንዘብ ይፈልጋል። ድሃ መሆንን ለማስመስከር ትንሽ ሀብታም መሆን ያስፈልጋል፤ ይህም ሰው ጠንክሮ እንዲሠራ ያበረታታል።

ደቡብ አፍሪካም ትምህርት ቤቶቿን በአምስት ከፍላለች። በዙሪያው ያለውን ነዋሪ ገቢ፣ ሥራ አጥነትና የትምህርት ደረጃ ታይና ድሃ የሆኑትን ክፍያ አታስከፍሉ ብላ ድጎማቸውን ከፍ ታደርጋለች። እዚያም ቅሬታ አለ፤ ከሩቅ ድሃ ሰፈር ልጆች የሚመጡለት ትምህርት ቤት ደህና ሰፈር ላይ ስለቆመ ብቻ ሀብታም ተብሎ ይመደባል። ይህ ቀመር እኛ ሰፈር ቢመጣ አለቀልን። ከትምህርት ቤታችን አጥር ጋር የሚዋሰነው ሪል ስቴት ነው። ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ፣ ሣሩ የተከረከመ። የባለቪላው ልጅ በሰርቪስ ወደ ግል ትምህርት ቤት ይሄዳል። እኛ ጋ የሚማረው የዘበኛው ልጅ ነው። አስፋልቱን ብትሻገሩ ደግሞ ሸገር ከተማ ነው፤ ሌላ አስተዳደር፣ ሌላ በጀት። ልጆቹ ግን አንድ ሜዳ ላይ ነው ኳስ የሚጫወቱት።

አንድ ነገር ላይ ሽሙጤን አነሳለሁ። አዲስ አበባ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጆቿን ቁርስና ምሳ ታበላለች፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ትሰጣለች። ምገባው ላይ እጅ አውጡ የሚል የለም። የዘበኛውም የባለሱቁም ልጅ አንድ ሰልፍ ይይዛል። ማን ድሃ እንደሆነ ሳህኑ አይናገርም። መለየት ያለበት ትምህርት ቤቱ ነበር፤ ሰፊ ክፍል፣ ተጨማሪ መምህር፣ ውሃ ያለው መጸዳጃ ቤት የሚፈልገው እሱ ነው። እኛ ግን ልጁን ከሰልፍ ማውጣት ይቀለናል። ትምህርት ቤት ቦርሳ ተሸክሞ ፎቶ ሊነሳ አይችልም።

ስለዚህ ልማዳችን ይቀጥል። የዘንድሮው ዝግጅት በጣም ደምቆ ነበር። ንግግር ነበረ። ሚኒ ሚዲያው ግጥም አቀረበ። ለእንግዶች የታሸገ ውሃና ኩኪስ ቀረበ። ድምፅ ማጉያው በኪራይ መጣ። ያን ሁሉ ወጪ ለጋሹ ሸፈነ ወይ ብዬ የትምህርት ቤቱን ሒሳብ ሠራተኛ ጠየቅኋት።

«ኧረ እሱ ቦርሳውን ነው ያመጣው» አለችኝ። «መስተንግዶው ከጠመኔው ሒሳብ ላይ ተነስቶ ነው። አስቸኳይ ነበራ!»

ጠመኔው በሚቀጥለው ድጋፍ ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል።