ለአደን ኤቲቪ ልግዛ ወይ ላላችሁኝ

መስከረም ሲጠባ ስልኬ ይበዛል። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎራዶ፣ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው) የጠመንጃ አደን የሚከፈተው ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ሰው ዕቃ የሚያሟላው አሁን ነው። ዘንድሮ ቀድሞ የደወለልኝ አውሮራ የሚኖር ወዳጄ ነው። የአዳኝነት ትምህርቱን ጨርሶ ካርዱን ተቀብሏል። ጠመንጃ ገዝቷል። ብርቱካናማ ሰደርያውን ለብሶ ሳሎን ውስጥ የተነሳውን ፎቶ ሳይቀር ልኮልኛል።

«አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ» አለኝ። «ኤቲቪ ልግዛ ወይ? ያገለገለ አግኝቻለሁ። ሰውየው 5,200 ዶላር ይላል፤ ብንከራከረው ይቀንሳል።»

«አትግዛ» አልኩት።

«አንተስ ገዝተህ አልነበር እንዴ?»

ገዝቼ ነበር። አትግዛ የምለውም ለዚያ ነው።

ለማያውቀው፣ ኤቲቪ ማለት ባለአራት ጎማ ሞተር ነው። እንደ ሞተር ሳይክል ተፈናጥጠህ፣ ነዳጁን በአውራ ጣትህ እየገፋህ ትነዳዋለህ። ጎማው ሰፊ ነው፤ የሚሞላለት ንፋስ ከመኪና ጎማ በብዙ ስለሚያንስ ድንጋዩንም ጭቃውንም እያቀፈ ያልፋል። አብዛኛው የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ድሮ ሦስት ጎማ ነበረው። ሆንዳ በፈረንጆቹ 1970 ያወጣው የመጀመሪያው እንደ ባጃጃችን አንዱ ከፊት፣ ሁለቱ ከኋላ ነበር። እየተገለበጠ ሰው ሲጨርስ፣ ኩባንያዎቹ በ1988 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተስማምተው አዲስ ባለሦስት ጎማ መሸጥ አቆሙ። አራት ጎማውም ቢሆን ይገለበጣል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

የገዛሁት ለሁለት ነገር ነበር። ጠዋት ወደ ጫካው ለመግባት፣ ከቀናኝ ደግሞ ሥጋውን ለማውጣት።

መግባቱን ላስቀድም። የመጀመሪያው ዓመት፣ የመክፈቻው ቀን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ተነሳሁ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ሞተሩ ሁለት ሦስቴ አንገራግሮ ተነሳ። የጫካው መንገድ ላይ ስወጣ ምን አየሁ? መብራት። ከፊቴ አምስት፣ ከኋላዬ አራት ኤቲቪ ተሰልፏል፤ ማታ የቦሌ መንገድን ነው የሚመስለው። ሁላችንም ቀድመን ደርሰን አድፍጠን ልንጠብቅ ነው እንግዲህ። ነጋ። ከተቀመጥኩበት ሁለት መቶ ሜትር ርቆ በረዶው ላይ ዱካ አገኘሁ። መንጋው ቁልቁለቱን ትቶ ሽቅብ ወጥቷል። በጠጣቸው ገና አልቀዘቀዘም። እኔ ሞተር ሳሞቅ እነሱ መንገድ ጀምረዋል ማለት ነው።

ይህ የእኔ ብቻ ብሶት አይደለም። ኦሪገን ውስጥ ስታርኪ የሚባል ትልቅ የታጠረ የምርምር ጫካ አለ። እዚያ ኤልኮቹ አንገት ላይ መከታተያ አስረው፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ አራት ዓይነት ሰው እያፈራረቁ አሳለፉባቸው፤ በእግሩ የሚሄድ፣ ፈረስ የተቀመጠ፣ ብስክሌት የሚነዳ፣ ኤቲቪ የሚነዳ። ከሁሉም አብልጠው የሸሹት ኤቲቪውን ነው። ቀጥሎ ብስክሌቱን። እግረኛውንና ፈረሰኛውን ያን ያህል አልሸሹም። እንግዲህ አዳኝ ነኝ ብለህ አውሬው ከሁሉ አብልጦ የሚሸሸው ነገር ላይ ተቀምጠህ ትሄዳለህ።

ሕጉም አለ። ኤቲቪ የትም የሚያስገባ የሚመስለው ማስታወቂያ ላይ ነው። ከ2005 ወዲህ በወጣው ደንብ መሠረት በፌዴራል ደኖች ውስጥ ሞተር የሚነዳው ደኑ ባወጣው ካርታ ላይ በተፈቀደ መንገድ ብቻ ነው። የጣልከውን ግዳይ ለማውጣት እንኳ ካርታው ካልፈቀደ ከመንገድ መውጣት የለም። በ1964ቱ ሕግ የተከለሉት ዱሮች ውስጥ ደግሞ ሞተር ቀርቶ በእጅ የሚገፋ የሥጋ ጋሪም አይገባም። በቅሎ ግን ይገባል። ይህን ሳውቅ ትንሽ ኮራሁ፤ በቅሎ ለእኛ ሰው መቼ አዲስ ሆነ!

ጠመንጃውስ? ኮሎራዶ ውስጥ በአደን ወቅት ኤቲቪ ላይ ስትሆን ያጎረስከውም ካዝናው ውስጥ ያለውም ጥይት ወጥቶ፣ ጠመንጃው ዙሪያውን በተዘጋ ሽፋን ውስጥ መሆን አለበት። አፉ ክፍት የሆነ ሰገባ አይፈቀድም። ከላዩ ሆኖ መተኮስ፣ በሱ አውሬ ማባረርም ክልክል ነው። ስለዚህ እየነዳህ መንገድ ዳር ኤልክ ብታይ ማቆም፣ መውረድ፣ ዚፕ መክፈት፣ ማጉረስ ነው። ኤልኩ አይጠብቅህም።

አሁን ሥጋውን ወደ ማውጣቱ። እዚህ ላይ ፍርድ አላጓድልም።

ወንድ ኤልክ ወደ 320 ኪሎ ይመዝናል። አጥንቱን አውጥተህ ንጹሕ ሥጋውን ብቻ ብትወስድ እንኳ 80፣ 90 ኪሎ ነው። ያንን በጀርባህ ስታወጣ አራት ምልልስ ነው፣ ከጎበዝክ ሦስት። እኛ የምናድንበት ቦታ 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ላይ ማለት ነው። አየሩ ቀጭን ነው። ኤቲቪ ሳይኖረኝ በጣልኩት የመጀመሪያዬ ላይ የኋላ እግሩን አንዱን ከነአጥንቱ ተሸክሜ ወጣሁ። መቶ እርምጃ እቆጥርና ዛፍ እደገፋለሁ። ደሙ ከጨርቁ አልፎ ወገቤ ላይ ቀዝቅዞ ደርቋል። ካምፕ ስደርስ መሽቷል፤ ሦስት ጭነት ጫካ ውስጥ ይጠብቀኛል። ያን ሌሊት ነው ኤቲቪ ልግዛ ያልኩት። የደከመው ሰው ነው የወሰነው።

ገዝቼም አንዴ ሠራልኝ። ሁለተኛው ዓመት ላይ አንዲት ሴት ኤልክ ከመንገዱ አራት መቶ ሜትር ላይ ወደቀችልን። እስከ መንገዱ በጀርባችን አመጣናት፤ ከዚያ በኤቲቪው ስድስት ኪሎ ሜትር እያፏጨሁ ካምፕ ገባሁ። የደስ ደስ ነበረው፣ አልዋሽም። ሥጋው ሳይሞቅ በረዶ ላይ ዋለ። ቤት ደርሼ ለእናቴ ስደውል መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ያመሰኳል?» ብላ ነው። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው አልኳት። ሕዳር 15 ጾሙ ሳይገባ ግማሹን ጨርሰነው ነበር።

በኋላ ግን ጸጥ ብዬ ሳስበው ያን መንገድ ካምፕ ያቆምነው ፒክአፕ ይሄድበት ነበር። ቀስ እያለ፣ ድንጋይ እየመረጠ፣ ግን ይሄድበት ነበር። ነገሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። ኤቲቪ የሚጠቅምህ ሰፊው መኪና በማይገባበት ሞተር ግን በተፈቀደበት ጠባብ መንገድ ላይ፣ አውሬው ደግሞ እዚያው አጠገብ ሲወድቅልህ ነው። ይህ የሚገጥምባቸው ቦታዎች አሉ። እኔ በሦስት ዓመት አልገጠመኝም።

ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ባለቤቴ ደጋግማ ስላሰላችው በቃሌ ነው። ማሽኑ 4,800 ዶላር። ተሳቢው 1,200። ምዝገባው በዓመት 25 ዶላር ከ25 ሳንቲም፤ እሱስ ምንም አይደል። ሄልሜት፣ ባትሪ፣ ዘይት። የከፋው ማስቀመጫው ነው። መጀመሪያ ቤቴ ጎን አቆምኩት። በሁለተኛው ሳምንት ከሰፈሩ የነዋሪዎች ማኅበር ደብዳቤ መጣ፤ ከነፎቶው፣ ከነቅጣቱ ማስጠንቀቂያ። ስለዚህ ከከተማ ወጣ ብሎ በወር 60 ዶላር የሚከራይ ቦታ አስገባሁት፤ በሦስት ዓመት 2,160 ማለት ነው። ሁሉም ሲደመር ወደ 8,600 ዶላር። ከነተሳቢው በ4,500 ሸጥኩት። የነዳሁባቸው ቀናት ዘጠኝ ናቸው። ያወጣው ኤልክ አንድ። ላም አለኝ በሰማይ ይሏችኋል እኔ ነኝ፤ የእኔዋ እንዲያውም የበረት ኪራይ ታስከፍላለች።

መገልበጡን እመለሳለሁ ብዬ ነበር። እዚህ አገር በየዓመቱ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው በእነዚህ ማሽኖች ይሞታል፤ ብዙው ሲገለበጥበት ነው። ማሽኑ ብቻውን 300 ኪሎ ገደማ ነው። አደን ላይ ደግሞ የኋላው መጫኛ ላይ ሥጋ ትቆልላለህ፣ ክብደቱ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ዳገት ስትይዝ አፍንጫው ይነሳል። እኔን የሳተኝ በትንሹ ነው፣ ያውም ባዶውን ስነዳ። ጎን ለጎን ያዘነበለ መሬት ላይ በረዶ የሸፈነው ግንድ ረገጥኩ። ማሽኑ ወደ ገደሉ አዘመመ፣ እኔ ወደ ዳገቱ ዘለልኩ። እሱ ዛፍ ይዞት ቀረ። ያን ቀን ብቻዬን ነበርኩ፣ ስልክም አይሠራም ነበር። ቤት ያወራሁት ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ለማን ይሁን ታዲያ? ከእኛ ጋር የሚወጡ አንድ ትልቅ ሰው አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ተደርገዋል። ለእሳቸው ኤቲቪ ማለት ከልጆቹ ጋር አንድ ዓመት ተጨማሪ መውጣት ነው። ማለዳ በቀስታ ነድተው መንገዱ ዳር ያቆሙትና ከዚያ ሦስት መቶ ሜትር በምርኩዝ ሄደው ይቀመጣሉ። እሳቸውን አትግዙ የሚል ካለ እኔ ጋ ይምጣ። የራሱ መሬት ያለውም እንደዚሁ ነው። አጥር ይጠግንበታል፣ ክረምት በረዶ ይጠርግበታል፣ ሣር ያመላልስበታል። ዓመቱን ሙሉ ሥራ ያለው ማሽን ኦክቶበር ላይ አደን ቢወጣ ምን ችግር አለው? እኔ የምለው አፓርታማ ወይም ታውንሃውስ ውስጥ ለምንኖር፣ በዓመት ለአምስት ቀን ለምንወጣ ነው። ማለትም ለአብዛኞቻችን።

ለእኛ ሌላ መንገድ አለ። ጥሩ የመሸከሚያ ቦርሳና ጥሩ ጫማ። ኤልኩ ከወደቀ በኋላ የሚጠራ ባለበቅሎ ተራራው አካባቢ አለ፤ ቁጥሩን ከመውጣትህ በፊት ያዝ። ኤቲቪ የግድ ካስፈለገ ለአንድ ቀን ይከራያል፤ እኔ ስጠይቅ 200 ምናምን ዶላር ብለውኛል፣ ውድ ነው፣ ግን የነዋሪዎች ማኅበር ደብዳቤ የለውም። ወይም አራት አምስት ሆናችሁ እንደ ዕቁብ አዋጥታችሁ አንድ ያዙ፣ አንዱ ቦታ ያለው ሰው ጋ ይቀመጥ። መዋሱን ብዙ አልወደውም፤ የሰው ወርቅ አያደምቅም ይባላል፣ የሰው ኤቲቪ ደግሞ ሲሰበር ወዳጅነት ይዞ ይሄዳል።

ይህን ሁሉ ለወዳጄ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራሁለት። «እውነትህን ነው» አለ። «ልክ ነህ፣ ገባኝ» አለ። አመሰገነኝ።

ማክሰኞ ዕለት ፎቶ መጣልኝ። ተሳቢ ላይ የተጫነ ቀይ ኤቲቪ፣ አጠገቡ ሰደርያውን የለበሰ ሰውዬ። በ4,900 ነው ያገኘው። የት እንደሚያቆመው ስጠይቀው «አንተ የተከራየኸው ቦታ አሁንም አለ እንዴ?» አለኝ።