ከአሥራ አራተኛው ጎዳና እስከ ቺቺኒያ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሐምሌ 1989 በአንድ ሌሊት፣ የዋሽንግተን ዲሲ ፖሊሶች በመሀል ከተማ በአሥራ አራተኛው ጎዳና አካባቢ ደንበኛ ይጠብቁ የነበሩ 24 ያህል ሴተኛ አዳሪዎችን ሰብስበው ወደ ቨርጂኒያ በሚያሻግረው ድልድይ አቅጣጫ በእግራቸው ነዷቸው። ፍርድ ቤት ሊያቀርቧቸው አልፈለጉም፤ የፈለጉት ከከተማዋ ወሰን ወዲያ ማድረግ ብቻ ነበር። የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጠኞች ደርሰው ነገሩን ሲያዩ ሰልፉ ተበተነ፤ ወሬው ግን በጋዜጣ ወጥቶ አገር ጉድ አለ። ቨርጂኒያ በበኩሏ ሴቶቹ ቢደርሱላት ወዴት ልትነዳቸው እንደምትችል መገመት አያስቸግርም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በዚያ ዘመን ለዚህች ከተማ አዲስ ነበሩ። በአዳምስ ሞርጋን ሰፈር በአሥራ ስምንተኛው ጎዳና የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤቶቻችን ተከፍተው ነበር፤ ከዚያ ውጭ ያለው ወገናችን ደግሞ ታክሲ ይነዳ፣ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቅ፣ በሆቴል የሌሊት ፈረቃ ይሠራ ነበር። ስለዚህ የከተማዋን ሌሊት ከነዋሪዎቿ ከብዙዎቹ በተሻለ ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ሴቶቹ ሥራ ሲጨርሱ ወደ ቤታቸው የሚያደርሷቸው በአብዛኛው ታክሲዎች ነበሩ፤ ከነጂዎቹ ብዙዎቹ ደግሞ የእኛ ሰዎች ነበሩ። አሁን ሽበት ካበቀሉት ከእነዚያ ነጂዎች ጋር የተጫወተ ሰው እንደሚያውቀው፣ ስለ ሴቶቹ ሲያወሩ ንቀት እምብዛም አይሰማባቸውም። ሒሳብ የሚከፍሉ፣ የደከማቸው፣ አንዳንዴም የተደበደቡ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ በቃ።

ዘመቻው ከፖሊስ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በአሥራ አራተኛው ጎዳና አጠገብ ባለው በሎጋን ሰርክል ሰፈር ዙሪያ ያረጁ ትልልቅ ቤቶችን ገዝተው ያደሱ ነዋሪዎች ጓሯቸው ውስጥ የተጣለ ኮንዶም ማንሳት ሰልችቷቸው ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ሰፈሩን የሚዞረው መኪና እንቅልፍ ነስቷቸዋል፤ ከሥራ የምትመለስ የሰፈሩ ሴት ደግሞ «ዋጋሽ ስንት ነው?» እየተባለች ትጠየቅ ነበር። ይህ አቤቱታ ሐሰት ነው የሚል ካለ በዚያ ሰፈር ያልኖረ ሰው ነው። በአሜሪካ ከተሞች እንደተለመደው ነዋሪዎች ፊርማ ያሰባስባሉ፣ በቡድን ሆነው ሌሊት ይዞራሉ፣ የደንበኞችን የመኪና ታርጋ እየመዘገቡ ለፖሊስ ይሰጣሉ።

ሴቶቹስ ይህን እንዴት ያዩታል? በዋሽንግተን ከ1993 ጀምሮ ሌሊት በመኪና እየዞረ ኮንዶምና ምክር የሚሰጥ ሂፕስ የሚባል ድርጅት አለ። በ2008 ደግሞ በከተማዋ የወሲብ ንግድ ላይ ስለሚደረገው የፖሊስ ቁጥጥር፣ በሥራው ላይ ያሉትን ራሳቸውን በመጠየቅ የተዘጋጀ ጥናት ወጥቶ ነበር። ከእነዚህና ከመሰሎቻቸው ምንጮች የሚሰማው የሴቶቹ ቃል ብዙዎቻችን ከምንገምተው ይለያል። የነዋሪውን የመተኛት መብት አይክዱም፤ ብዙዎቹ ራሳቸው ልጅ የሚያሳድጉ የሰፈር ነዋሪዎች ናቸው። የሚሉት ሌላ ነው፤ ብርሃን ካለበት ጎዳና ስንባረር ብርሃን ወደሌለበት እንሄዳለን፣ ፖሊስ ሳይደርስብን እንሩጥ ብለን ስንቸኩል ደግሞ መኪናው ውስጥ ማን እንዳለ፣ መጠጣቱን፣ ሌላ ሰው መደበቁን የምናይበት ደቂቃ ይጠፋብናል ነው የሚሉት።

ይህ አባባል ተጨባጭ መሆኑ በይበልጥ የታየው ከ2006 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የከተማዋ ምክር ቤት፣ የፖሊስ አዛዡ አንድን አካባቢ ለተወሰኑ ቀናት «ከሴተኛ አዳሪነት ነጻ ቀጠና» ብሎ እንዲያውጅ ፈቀደ። በቀጠናው ውስጥ ሁለትና ከዚያ በላይ ሆነው የቆሙና የተጠረጠሩ ሰዎች ተበተኑ ሲባሉ ካልተበተኑ ይታሰራሉ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሴቶቹ ለምን ሁለት ሆነው እንደሚቆሙ ጠይቀው የሚያውቁ አይመስለኝም። ሁለት ሆነው የሚቆሙት አንዷ ስትሄድ ሌላዋ የመኪናውን ታርጋ እንድትይዝላት ነው። እንግዲህ በአንድ ጎዳና ላይ ሁለት ዓይነት ታርጋ መዝጋቢዎች ነበሩ ማለት ነው። ነዋሪው ደንበኛውን ለማጋለጥ ይመዘግባል፣ ሴቲቱ ጓደኛዋ ሳትመለስ ብትቀር ለመፈለግ ትመዘግባለች። ሕጉ የበተነው ሁለተኛውን ነው።

ከዚህ የባሰው የኮንዶም ጉዳይ ነበር። ከሦስት በላይ ኮንዶም ይዞ መገኘት ያሳስራል የሚል ወሬ በሴቶቹ ዘንድ ተሰራጭቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕግ ግን በከተማዋ ጨርሶ አልነበረም። ወሬው ከየትም አልመጣም፤ ፖሊስ ሲፈትሽ ኮንዶም ሲያገኝ ያንን እንደ ማስረጃ ያነሳባቸው ስለነበር ነው። የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2012 ዋሽንግተንን ጨምሮ በአራት የአሜሪካ ከተሞች ይህንኑ መዝግቦ አወጣ። በአንድ በኩል የጤና ቢሮው በኤድስ ክፉኛ በተጠቃች ከተማ ኮንዶም በነጻ ያድላል፣ በሌላ በኩል የዚያው መንግሥት ፖሊስ ኮንዶም የያዘችውን ያስፈራራል። በመጨረሻ ፖሊስ ራሱ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ኮንዶም መያዝ እንደሚችል የሚገልጽ ካርድ እስከማሳተም ደረሰ። የነጻ ቀጠናው ሕግም ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ጥያቄ ከከተማዋ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ሳይቀር ስለተነሳበት በ2014 ተሻረ።

ሎጋን ሰርክልን ዛሬ የሚያይ ሰው ዘመቻው አሸንፏል ሊል ይችላል። በፒ ጎዳና ላይ በ2000 መጨረሻ ትልቅ የምግብ ገበያ ተከፈተ፣ ከዚያ በኋላ ጠባብ አፓርታማ እንኳ ተራ ሠራተኛ የማይደፍረው ዋጋ አወጣ። እኔ እንደማየው ግን ያሸነፈው የመሬት ዋጋ ነው። ሴቶቹ ከፊሎቹ በከተማዋ ወሰን ላይ ወዳለው ኢስተርን አቬኑ ሄዱ፣ ከፊሎቹ ወደ ኢንተርኔት ገቡ። በ2018 ቤክፔጅ የተባለው የማስታወቂያ ገጽ ሲዘጋ ደግሞ፣ ደንበኛን ከሩቅ መርጠው በስልክ ያናግሩ ከነበሩት አንዳንዶቹ ተመልሰው ወደ ጎዳና ወጡ።

በ2019 ጥቅምት ውስጥ ምክር ቤቱ የወሲብ ንግድን ከወንጀልነት ለማውጣት በቀረበ ረቂቅ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ ስብሰባው ከ14 ሰዓት በላይ ፈጀ። ከወገኖቻችን ብዙዎቹ ረቂቁን ከሃይማኖት አንጻር ብቻ አይተው ተቃወሙት፤ ይህም የሚጠበቅ ነው። እኔን የገረመኝ በዚህ ሥራ ያለፉ ሴቶች በሁለቱም ወገን ቆመው መመስከራቸው ነው። አንዳንዶቹ የእስር መዝገባቸው ሥራ እንዳይቀጠሩ፣ ቤት እንዳይከራዩ እንዳደረጋቸው ተናገሩ። ሌሎቹ ደግሞ በልጅነታቸው በደላላ እጅ ወድቀው እንደነበር ገልጸው፣ ሕጉ ገዢውንና ደላላውን ነጻ እንዳይለቅ ተማጸኑ። ስለዚህ «ሴተኛ አዳሪዎች ይህን ይላሉ» ብሎ በአንድ አፍ ማውራት ስሕተት ነው። ረቂቁ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ያም ሆኖ የምክር ቤት ማይክሮፎን አግኝተው፣ በገዛ ስማቸው ወይም በቅጽል ስም፣ ሕግ አውጪው ፊት ተቀምጠው መናገራቸው ከአገር ቤት ጋር ሳወዳድረው ትልቅ ነገር ሆኖ ይታየኛል።

አዲስ አበባ ላይ ሕጉ በወረቀት ከዋሽንግተን የተሻለ ነው ቢባል ብዙ አንባቢ አያምንም። ዋሽንግተን ሻጯንም ገዢውንም ወንጀለኛ ታደርጋለች። የኢትዮጵያ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግን በሌላ ሰው ገላ የሚነግደውን፣ ደላላውንና ቤት ከፍቶ የሚያሠራውን ነው በዋናነት የሚቀጣው፤ ሴቲቱን የሚነካት በአደባባይ ስታግባባ ወይም የሰፈሩን ነዋሪ ሰላም ስትነሳ ብቻ ነው፣ ያም በደንብ መተላለፍ። በተግባር ግን አፈሳ አንቀጽ አያነብም። ትልቅ ጉባኤ ሲቃረብ የጎዳና ተዳዳሪን አፍሶ ከዓይን ማራቅ ለከተማችን እንግዳ አይደለም፤ በየመንገዱ ዳር የሚቆሙት ሴቶችም የዚያ ዕጣ ተካፋዮች ናቸው። በየወረዳው «አዋኪ ድርጊቶች» በሚል ርዕስ በትምህርት ቤቶች ዙሪያ የሚካሄደው ዘመቻ ሺሻ ቤቱን፣ ጫት ቤቱንና አልጋ ቤቱን በአንድ ዝርዝር ያስቀምጣል፤ ሴቶቹም እዚያው ዝርዝር ውስጥ እንደ ዕቃ ይገኛሉ።

የአገር ቤቶቹ ሴቶች ሲናገሩ የሚሰማው ከዋሽንግተኖቹ ጋር በአንዳንድ ነገር ቃል በቃል ይገጥማል፤ ሳይከፍል የሚሄድ ደንበኛ፣ ያለ ኮንዶም ካልሆነ የሚል ደንበኛ፣ አቤት ሲሉ «አንቺ ብሎ ከሳሽ» የሚል ጣቢያ። የሚለየው አመጣጣቸው ነው። ብዙዎቹ ከክፍለ ሀገር በለጋ ዕድሜ መጥተው በሰው ቤት በሠራተኝነት ያገለገሉ፣ ደሞዝ የተከለከሉ ወይም በአሠሪ ወንድ የተደፈሩ ናቸው። ከዐረብ አገር ባዶ እጃቸውን የተመለሱም አሉ። ስለዚህ «ለምን ሌላ ሥራ አይሠሩም?» የሚለው የዘመቻ ጥያቄ ለእነሱ ፌዝ ነው፤ ሌላውን ሥራ ሠርተው ያዩት ናቸውና። በየጊዜው የሚሰጣቸው የፀጉር ሥራና የልብስ ስፌት ሥልጠናም ቢሆን መጥፎ አይደለም፣ ነገር ግን ከሥልጠናው በኋላ የሚገኘው ገቢ የቤት ኪራዩን እንኳ ካልሸፈነ፣ አገር ቤት ያለች እናትና በዘመድ ቤት የሚያድግ ልጅ ደግሞ በየወሩ ብር የሚጠብቁ ከሆነ፣ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

አዲስ አበባም ላይ የመሬት ዋጋ ከዘመቻው ሁሉ በላይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ እዚያው ያለው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር አብሮ ሄደ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። የቀበሌ ቤት ውል የነበረው ሰው ምትክ ቤት ይሰጠዋል፤ ከእሱ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ ሌሊት ስትሠራ፣ ቀን ስትተኛ የኖረችው ሴት ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። ስለ ኮሪደር ልማቱ ውበት ከውጭ ሆነን ስናጨበጭብ ይህን ያነሳ ሰው እምብዛም አልሰማሁም።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ካልተናገርኩ ትዝብቱ ጎደሎ ይሆናል። ከሽማግሌዎቻችን ጋር ቡና ስንጠጣ የድሮው የአዲስ አበባ የምሽት ሰፈር የውቤ በረሃ ጨዋታ ሲነሳ ፊታቸው ይበራል፤ እንትና የተባለችውን ደርባባ የቡና ቤት እመቤት በስም ጠርተው፣ ጠላዋን፣ ጨዋታዋንና ለዛዋን ያስታውሳሉ። ያው ሰው ስለ ዛሬው የአዲስ አበባ የምሽት ሰፈር ስለ ቺቺኒያ ሲጠየቅ «አገር ተበላሸ» ይላል። በኋላ ቤት ገዝቶ የሰፈር ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ መቀመጥ የጀመረው የእኛ ትውልድ ደግሞ፣ ጎዳናውን ለማጽዳት ፊርማ ሲሰበሰብ ከፊተኞቹ አንዱ ነው፤ የቤት ዋጋ ነገር ነውና አልፈርድበትም።

የማይዋጥልኝ የክረምቱ ነገር ነው። ከሰኔ መጨረሻ ጀምሮ የዳያስፖራው አውሮፕላን ቦሌ ሲያርፍ የቺቺኒያ ዋጋ እንደሚንር፣ የ«ሾርት»ም (የአጭር ጊዜ) የ«አዳር»ም ሒሳብ ከሌላው ወቅት የተለየ እንደሚሆን በዚያ የሚሠራ ሁሉ ያውቃል። ሴቶቹ ወቅቱን እንደ ገበሬ ይጠብቁታል። ከመጪዎቹ መካከል እዚህ ዋሽንግተን ላይ ሥነ ምግባር ጠፋ ብለው የሚያለቅሱ እንዳሉበት ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ስዊድን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 ጀምሮ ገዢውን እንጂ ሻጯን አትቀጣም፤ እስራኤልም ከ2020 ወዲህ ገዢው ላይ የገንዘብ ቅጣት ትጥላለች። የአዲስ አበባ አስተዳደርም በ2011 ዓ.ም. የጎዳና ላይ የወሲብ ንግድን ለመከልከል ረቂቅ እያዘጋጀ መሆኑን ሲገልጽ፣ ቅጣቱ ገዢውንም እንደሚጨምር ተነግሮ ነበር። ያ ሐሳብ በሐምሌና በነሐሴ ቺቺኒያ ላይ በተግባር ቢሞከር፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከሚያዙት መካከል ስንቱ የውጭ አገር ፓስፖርት ከኪሱ ያወጣ እንደነበር አስባለሁ።