በሒሳብ መጣላት የማይቻልበት ምግብ ቤት

በቶኪዮ ምሥራቃዊ ዳርቻ የሚገኘው የካትሱሺካ ወረዳ በጃፓን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የሠፈሩበት ነው። በጥር፣ ብርዱ ጆሮ በሚቆርጥበት ምሽት፣ በዚያው ወረዳ ለረጅም ዓመታት የኖረ ወዳጄ ራመን ወደምትሸጥ አንዲት ጠባብ ቤት ወሰደኝ። ራመን ከቻይና ምግብ የተወለደ፣ በትኩስ መረቅ ውስጥ የሚቀርብ የስንዴ ኑድል ሲሆን፣ እኛ አገር በእንዶሚ መልክ የሚታወቀው የፈጣኑ ዓይነት ነው፤ ይኸኛው ግን መረቁ ብቻ ለሰዓታት ይንተከተካል። አብዛኛው ራመን ከአሳማ አይርቅም። የፉኩኦካ ከተማ መረቅ የሚሠራው ከአሳማ አጥንት ነው፤ በሌሎቹም ላይ ቢሆን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ቁራጭ ይጋደምባቸዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ በማይቀምስበት አገር ላደግን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር ስላልሆነ፣ ወዳጄ የመረጠው የዶሮ አጥንት መረቁ እስኪነጣ ድረስ የሚቀቀልበትን ቤት ነበር።

በሩን እንደከፈትን የተቀበለን ሰው ሳይሆን ማሽን ነው። ገንዘብ ይከተትበታል፣ የሚፈለገው ምግብ አዝራር ይጫናል፣ ትንሽ ቲኬት ይወጣል፤ ቲኬቱ ለአብሳዩ ይሰጣል። ወዳጄ የሺህ የን ኖት ሲያወጣ እኔም አወጣሁ። «በሞቴ ተው!» አልኩት። «ዛሬማ አይሆንም፤ አንተ እንግዳ ነህ» ብሎ ክንዴን ያዘ። በዚህ መካከል ከኋላችን ሁለት ሰዎች እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከትተው፣ ምን እንደተፈጠረ ባይገባቸውም በትዕግሥት ቆመው ይጠብቁ ነበር። ወዳጄ ቀደመኝና ነገሩ አበቃ።

ባንኮኒው ስምንት በርጩማዎች ብቻ ነበሩት፤ ከእኛ በቀር የተቀመጡት ሁሉ ብቻቸውን የመጡ ናቸው። አብሳዩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ይሠራል። ጎድጓዳውን ሳህን በፍል ውሃ ያሞቀዋል፣ ውሃውን ደፍቶ ከሥሩ ማጣፈጫውን ያደርጋል፣ በላዩ መረቁን ይቀዳል፤ ከዚያ ኑድሉን ረጅም እጀታ ባለው ማጥለያ አንሥቶ ክንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች በኃይል እየወረወረ ውሃውን ያራግፈዋል። ባሮ ሽንኩርትና አስኳሉ ያልጠጠረ ዕንቁላል ሲጨመርበት ሳህኑ ፊታችን ደረሰ። ኑድሉ መረቁ ውስጥ ከቆየ ስለሚላሽቅ ማንም አያወራም፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚቆጡበት፣ ድምፅ እያሰሙ የመማግ ነገር፣ በዚያ ቤት የሁሉም አበላል ነው። የጨረሰው ሳህኑን ከፍ ወዳለው የባንኮኒው ጠርዝ ያነሣል፣ ፊቱን በጨርቅ ይወለውላል፣ አመስግኖ ይወጣል፤ ደጅ ላይ በብርድ የቆመ ሰው እንዳለ ያውቃልና አይቆይም።

አዲስ አበባ ውስጥም አስቀድሞ መክፈልና ቆሞ መጠጣት አዲስ ነገር አይደለም፤ የፒያሳው ቶሞካ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ግብግቡ አይቀርም። በእኛ ዘንድ ሒሳብ መክፈል የምግብ ዋጋ መስጠት ብቻ ሳይሆን ዕዳ መትከል ነው፤ ዛሬ የተከፈለለት ሰው ነገ መጥራት አለበት፣ የነገው ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ይወልዳል፣ ወዳጅነቱም በዚህ ሳይዘጋ በሚቆይ መዝገብ ይኖራል። ማሽኑ ይህን መዝገብ ገና ከበሩ ይዘጋዋል። እያንዳንዱ የራሱን ከፍሎ ስለሚገባ፣ ሁለት ሰዎች ለዓመታት ጎን ለጎን በልተው እንኳ አንዱ ለሌላው የሚመልሰው ነገር አይኖርም።

ይሁንና የእኛን ልማድ ለማወደስ አልቸኩልም። ደመወዙ በወሩ አጋማሽ የሚያልቅበት የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ተራው እንደደረሰ ሲያውቅ «ዛሬ ሆዴን አሞኛል» እያለ ከባልደረቦቹ የሚሸሸው በዚሁ መዝገብ ምክንያት ነው። ብቻውን ምሳ ቤት ቢገባም ሰላም የለውም፤ የሚያውቀው ሰው ካየው አንድም ይጋብዘዋል፣ አንድም ቋጣሪ ይለዋል። ሴት ከሆነች ደግሞ ብቻዋን መቀመጧ ራሱ ለሐሜት ይበቃል። ካትሱሺካ ያለው የቀን ሠራተኛ ግን ሺህ የን ካለው አንገቱን ሳይደፋ ይገባል፤ ከየት መጣህ፣ ለምን ብቻህን ሆንህ የሚለው የለም። ይህ ብቸኝነት ነው ብለን የምናዝንለት ሰው፣ ምናልባት በቀኑ ውስጥ ማንም ምንም የማይጠይቀው በዚያች በርጩማ ላይ ብቻ ይሆናል።

ኑሮው እየተወደደ ሲሄድ የአዲስ አበባ ሠራተኞች ለዚህ ችግር ያገኙት መላ ምሳ ዕቃ ነው። ከየቤቱ የመጣው በአንድ ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ሁሉም ዙሪያውን ከብቦ ይበላል፤ አስተናጋጅም ሒሳብም የለም። ትሪው ላይ ወጡ ከተቀላቀለ በኋላ ደግሞ ሽሮ ብቻ ይዞ የመጣው ማን እንደሆነ አይታወቅም።