«ወደምትሄጂበት እሄዳለሁ» የተባለው ለሙሽራ አይደለም

ይህን ጥቅስ ሩት በኋላ ላገባት ለቦዔዝ የገባችው ቃል ነው ብለው ለሠርግ ጥሪ መርጠውታል። ካርዱ ሳይታተም ሩት 1፥16-17ን ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ቃሉ የተነገረው ለአማቷ ለኑኃሚን ነው፤ ያውም ባሏ ከሞተ በኋላ፣ ከሞዓብ ወደ ይሁዳ በሚወስደው መንገድ ላይ። ቦዔዝን ገና አላየችውም።

ወደ ሞዓብ የተመለሰችውን ሌላዋን የኑኃሚን ምራት፣ ዖርፋንም ከሃዲ ማለት ተለምዷል። ግን ኑኃሚን ራሷ ሁለቱንም መርቃ ተመለሱ ብላቸዋለች፤ መጽሐፉም ዖርፋን አይወቅስም።

ለእኔ ትልቁ መጽናኛ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኑኃሚን ቤተ ልሔም ደርሳ «ማራ (መራራ) በሉኝ፣ እግዚአብሔር ባዶዬን መለሰኝ» ስትል ሩት ስትከራከራት አናነብም። የገብስ አጨዳ ነበርና ልትቃርም ወጣች። ሕጉ (ዘሌዋውያን 19፥9-10) ባለእርሻው የማሳውን ዳርና ቃርሚያውን ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ያዝዛል፤ እግዚአብሔር ሩት ሳትወለድ ያዘጋጀላት እንጀራ ይመስለኛል። እስከ ማታ ቃርማ ስትወቃው አንድ ኢፍ ያህል ሆነ፤ በአንዳንድ ግምት 22 ሊትር ገደማ። ከምሳዋ ያስተረፈችውንም ለአማቷ ሰጠቻት። ኑኃሚን ከምሬት ወደ ምርቃት የተመለሰችው ይህን ካየች በኋላ ነው (2፥17-20)።