ለሐዋሳ ሰዎች፦ ስለ ተቃጠለው ፊላ

የሐዋሳ ሰዎች፣ ወገኖቼ፤ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ በሐይቁ ዳር የሠራነውን ልረሳው አልቻልኩምና ስሙኝ። የቤተሰባችን ሠርግ ነበር። ለድንኳኑ ነፋሻ የሆነ፣ ለፎቶም ሐይቁ ወለል ብሎ የሚታይበት ቦታ ስንመርጥ ዳርቻውን ይዞ የቆመው ፊላና ደንገል ጋረደን። «የእባብና የትንኝ ማደሪያ ነው» ተባለና የቀን ሠራተኞች ማጭድ ይዘው ገቡበት። ሒሳባቸውን የከፈልኩት እኔ ነኝ። ጀልባቸውን ወደ ዳር ያወጡ አንድ አዛውንት ዓሣ አስጋሪ፣ «ልጆቼ፣ ተዉ፤ የቆሮሶ ዓሣ ጫጩት የሚያድገው እዚህ ውስጥ ነው» ብለው ለመኑን። «አባባ፣ ለአንድ ቀን ነው» አልኳቸው። እርጥቡ ቄጠማ በድንኳኑ ወለል ተጎዘጎዘ፤ የደረቀው ፊላ ከነወፍ ጎጆው ነደደ። ወፎቹ ከጭሱ በላይ እየዞሩ ሲጮኹ ሙዚቃው ድምፃቸውን ዋጠው፤ እኛም በቄጠማው ላይ ጨፈርን።

ያጠፋነው ምን እንደሆነ እወቁ። በጨዋማ ባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚባለው ዛፍ ጨውን ተቋቁሞ፣ በተጠላለፈ ሥሩ ማዕበል እየሰበረና ደለል እየያዘ ምድሩን ይጠብቃል። ባሕር የሌለን እኛን የሚጠብቁን ፊላ፣ ደንገልና ቄጠማ ናቸው። ሥራቸው የዳርቻውን አፈር አንቆ ይይዛል፤ በውስጣቸው አየር ወደ ጭቃው ስለሚያወርዱም በሥራቸው ዙሪያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ከከተማው የሚወርደውን ቆሻሻ ያብላላሉ። ቆሮሶዋ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ከፈለፈለች በኋላ ጫጩቶቿ የሚሸሸጉት እንዲህ ባለ ጥልቀት የሌለው፣ ተክል የበዛበት ውኃ ውስጥ ነው። ሐይቃችን ደግሞ ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል እንጂ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ የለውም፤ ስለዚህ የገባው ደለል እዚያው ይከማቻል። ጨለለቃን አታስታውሱም? ሐይቅ ነበር፤ ዛሬ ረግረግና የከብት ግጦሽ ነው።

አላወቅሁም ነበር ብል እዋሻለሁ። ከአሞራ ገደል የዓሣ ገበያ የመጣ ዓሣ እየበላሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሽማግሌው ሲለምኑ ልቤ እውነታቸውን እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ በእንግዶች ፊት ማፈሩ ግን ከሐይቁ በለጠብኝ። እናንተስ ለወንበርና ለጥላ ብላችሁ ዳርቻውን ስትመነጥሩ የምትነቅሉት የራሳችሁን ልጆች ምግብ መሆኑን ስንት ሰው ይንገራችሁ? ክረምቱ ሲገባ ያ እኛ የመነጠርነው ቦታ ተናደ፤ ውኃው ለሳምንታት ደፍርሶ ቆየ፤ እኔም በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

በመስከረም ግን ሄድኩ። ሥሩ ስላልተነቀለ ከጭቃው ውስጥ ጥቂት የፊላ ቡቃያዎች ብቅ ብለዋል። ሽማግሌውን ፈልጌ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ቡቃያውን በእጃቸው አመለከቱኝ እንጂ ምንም አልመለሱልኝም። እባካችሁ፣ በዚያ በኩል ስታልፉ ከብት አታስገቡበት፤ ለሠርጋችሁም ሌላ ቦታ ፈልጉ።