ከስልክ ወደ ላፕቶፕ፣ በባህር ማዶ በኩል

ኧረ በናታችሁ! ስልኩና ላፕቶፑ አንድ ጠረጴዛ ላይ ናቸው፤ መሀላቸው ያለው አንድ የቡና ስኒ ነው። ሰው ግን 1 ጊጋ ቪዲዮ ለማሻገር ቴሌግራም ላይ ለራሱ ይልካል፣ ከዚያ ላፕቶፑ ላይ መልሶ ያወርዳል። ፋይሉ ባህር ማዶ ደርሶ ይመጣል፣ ከጥቅሉም 2 ጊጋ ይቆረጣል። ለምን? ያ የተረገመ ሼሪንግ (ፋይል በቀጥታ ከስልክ ወደ ላፕቶፕ ማሻገሪያው) «ፌይልድ» ብሎ ዝም ስላለ! ምን እንደጎደለው አፍ አውጥቶ አይናገር።

«በብሉቱዝ ላከው» ባዮች ደግሞ አሉ። ብሉቱዝ በሰከንድ 200 ኪሎባይት ገደማ እየጎተተ 1 ጊጋውን ከአንድ ሰዓት በላይ ያስጠብቃችኋል። ለሁለት ፎቶ ይሁን፣ ለቪዲዮ ግን ተዉት።

ከሁሉ አንጀት የሚያሳርረው የስሙ ነገር ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው «ኒርባይ ሼሪንግ» ከሌላ ዊንዶውስ ጋር እንጂ ከአንድሮይድ ጋር አያወራም። የአንድሮይዱ ደግሞ «ኒርባይ ሼር» ይባል ነበር፤ 2024 ላይ ከሳምሰንጉ ጋር ተዋህዶ «ኩዊክ ሼር» ተባለ። ሞክሼ ነበሩ እንጂ አይተዋወቁም! ሰው ሁለቱንም አብርቶ ሲጠብቅ ይውላል። ላፕቶፑ ላይ የጉግልን ኩዊክ ሼር ለብቻው መጫን ግድ ነው። ወይም ሎካልሴንድ (LocalSend) የሚባለውን ፋይል መላኪያ አፕ ሁለቱም ላይ ጫኑ፤ ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም።

«ሁለቱም እኮ አንድ ዋይፋይ ላይ ናቸው!» ትላላችሁ። ቢሆኑስ? የካፌና የሆቴል ራውተር ብዙ ጊዜ ተጠቃሚዎቹን እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይለያቸዋል። ሁሉም ኢንተርኔት ያገኛል፣ ከጎረቤቱ ጋር ግን ሆድና ጀርባ ነው። ለደህንነት ደግ ነገር ነው፤ ግን እዚያ ላይ አፕ እየቀያየሩ መልፋት ውሃ መውቀጥ ነው። የስልኩን ሆትስፖት ከፍታችሁ ላፕቶፑን እሱ ላይ አገናኙ።

አደራ፣ መጀመሪያ ሞባይል ዳታውን አጥፉ! አብዛኛው አንድሮይድ ላይ ሆትስፖት ያለ ዳታም ይሠራል። ካልጠፋ ዊንዶውስ ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ አፕዴቱን ማውረድ ይጀምራል፤ ያኔ የወር ጥቅል ደህና ሰንብት። ማጥፋት ካልቻላችሁ ላፕቶፑ ላይ፣ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ፣ «ሜተርድ ኮኔክሽን» የምትለዋን ዳታ ቆጣቢ አብሩ። ፍጥነት ከፈለጋችሁ ሆትስፖቱን 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጉት። ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ የሆትስፖቱን ስም ጨርሶ ካላየው ግን ወደ 2.4 መልሱት።

አሁንም አይተያዩም? ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይን «ፐብሊክ» ብሎ መዝግቦ በፋየርዎል (ከሌላ መሣሪያ የሚመጣን ግንኙነት በሚያግደው ጥበቃ) በሩን ጠርቅሞታል። ሴቲንግስ፣ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ፣ «ፕራይቬት»። አንድ ክሊክ! ይቺን ለመናገር ምን ይከብዳል? (በራሳችሁ ሆትስፖት ወይም በቤት ዋይፋይ ብቻ፤ ካፌ ውስጥ ፐብሊክ ይቆይ።) ቪፒኤንም አጥፉ፤ መቼም እኛ ስልክ ላይ ቪፒኤን እንደበራ ነው የሚያድረው። ሎካልሴንድ አሁንም ላፕቶፑን ካላገኘው ላፕቶፑ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ ipconfig ብላችሁ ጻፉ፣ የላፕቶፑን የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር (IPv4) እዩና ስልኩ ላይ በእጅ አስገቡት። ቁጥሩ በ169.254 ከጀመረ ላፕቶፑ አድራሻ አልተሰጠውም፤ ዋይፋዩን አጥፍቶ ማብራት ነው።

ሼርድ ፎልደር (ላፕቶፑ ለሌሎች መሣሪያዎች የከፈተውን ፎልደር) የምትጠቀሙ ደግሞ የዊንዶውስ መግቢያ ፒናችሁን እየደጋገማችሁ አትድከሙ። የሚጠይቃችሁ የላፕቶፑን አካውንት ፓስወርድ ነው፣ ፒን አይቀበልም።

ይሄን ሁሉ አልፋችሁ ትልቁ ፊልም ሚሞሪ ካርድ ላይ አልገባም ሊል ይችላል፣ ካርዱ ግማሹ ባዶ ሆኖ! 32 ጊጋና ከዚያ በታች የሆነ ካርድ አብዛኛውን ጊዜ ፋት32 በሚባለው የቆየ ፎርማት የተዘጋጀ ነው፤ ከ4 ጊጋ የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ፋይሉን ወደ ስልኩ ውስጠኛ ሚሞሪ ላኩት። እስኪያልቅ ታዲያ ስክሪኑ እንዳይጠፋ፤ አንዳንዱ ስልክ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ አፑን 97 ፐርሰንት ላይ ይገድለዋል፣ እንደገና ከዜሮ!